ፒሲው ጌም መሃል ድርግም ይላል? ካርዱን ከመሸጣችሁ በፊት ይህን ሞክሩ

አንድ ወዳጃችን ቀን ቀን የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል፣ ማታ ማታ ጌም ይጫወታል። ለሁለቱም የሚሆነውን ፒሲ ገጣጥሞ የሠራው ራሱ ነው። ኬዙንና ማዘርቦርዱን እዚሁ አዲስ አበባ ገዛ፣ ፕሮሰሰሩን ከዱባይ በሚመላለስ ሰው አስመጣ፣ ግራፊክስ ካርዱን ደግሞ ያገለገለ ገዛ፤ አርቲኤክስ 3070። ዓመት ሙሉ ያጠራቀመው ብር እዚያ ኬዝ ውስጥ ነው ያለው።

ፒሲው ኢንተርኔት ሲከፈትበት፣ ፊልም ሲታይበት ምንም አይል። ከባድ ጌም ሲከፈት ወይም ረጅም ቪዲዮ ሬንደር ሲደረግ ግን አንዳንዴ ድርግም ይላል። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ የስህተት መልእክት የለ። በጥር የሰርግ ሰሞን ሦስት ሬንደር መሃል ላይ ተቋረጠበት። ሙሽሮቹ ይደውላሉ፣ እሱ "ነገ" ይላል።

ጥገና ቤት ወሰደው። ሰዓታት ሞክረውት "ይሄ ፒሲ ምንም የለውም" ብለው መለሱለት። ቤት ሲያደርሰው እንደገና ጠፋ። በመጨረሻ "ያገለገለ ካርድ ገዝተህ ምን ጠብቀህ ነበር?" ያለውን ሁሉ አመነና ካርዱን በኪሳራ ሊሸጥ ማስታወቂያ ለጠፈ።

ካርዱ ግን ደህና ነበር። ችግሩ ጭራሽ ኬዙ ውስጥ አልነበረም። ምን እንደነበር መጨረሻ ላይ እንነግራችኋለን። ከዚያ በፊት ግን ችግሩን ያገኘበትን መንገድ እንይ፤ ራሳችሁ በገጣጠማችሁት በየትኛውም ፒሲ ላይ ይሠራልና። መንገዱ ሁለት ሕግ አለው።

አንድ፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ነጻ የሆኑትን ሙከራዎች ሁሉ ጨርሱ።

ሁለት፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ራሙንም ድራይቨሩንም ገመዱንም በአንድ ቀን ከቀየራችሁ፣ ቢስተካከል እንኳ ምኑ እንዳስተካከለው አታውቁም።

ለምን ከባድ ሥራ ላይ ብቻ?

ፒሲ ዩቲዩብ ሲያሳይ ብዙም አይደክምም፤ ጠቅላላ ፍጆታው ከ100 ዋት በታች ሊሆን ይችላል። ከባድ ጌም ሲከፈት ግን ሦስት ነገሮች አብረው ይጨምራሉ።

የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ነው። አርቲኤክስ 3070 ብቻውን 220 ዋት፣ አርቲኤክስ 3080 ደግሞ 320 ዋት እንዲጠቀም ሆኖ የተሠራ ነው። ያውም ቁጥሩ የማያቋርጠውን ፍጆታ ነው የሚነግራችሁ። ከሰከንድ እጅግ ላነሰ ጊዜ ካርዱ ከዚያ በብዙ ሊዘል ይችላል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ፒሲው የሚበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። 350 ዋት የሚበላ ፒሲ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ የ350 ዋት ማሞቂያ ማለት ነው።

ሦስተኛው የዳታ ብዛት ነው። ራሙና ፕሮሰሰሩ ያለ ዕረፍት ዳታ ይቀባበላሉ። ቀላል ሥራ ላይ ተደብቃ የኖረች ትንሽ ስህተት እዚህ ላይ ትወጣለች።

ስለዚህ ተጠርጣሪዎቻችን ኤሌክትሪክ፣ ሙቀት፣ ራም፣ ፕሮሰሰር፣ ካርድ እና ሶፍትዌር ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

1. አጠፋፉን አስተውሉ

"ፒሲዬ ይጠፋል" ማለት ብቻውን ለማንም አይጠቅምም። እንዴት ነው የሚጠፋው?

▪ ያለ ምንም መልእክት ድርግም ካለ ወይም በራሱ ሪስታርት ካደረገ፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ጠርጥሩ። ፓወር ሰፕላዩ፣ ገመዱ፣ ማከፋፈያው፣ ዩፒኤሱ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

▪ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ዊንዶውስ ስህተቱን አይቶታል ማለት ነው። ራም፣ ፕሮሰሰር ወይም ድራይቨር ሊሆን ይችላል።

▪ ስክሪኑ ጠቁሮ ፋኖቹ እየጮሁ የጌሙ ድምፅ ከቀጠለ፣ ካርዱን ወይም ለካርዱ ኤሌክትሪክ የሚወስደውን ገመድ ጠርጥሩ።

▪ ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ወደ ዴስክቶፕ ከመለሳችሁ፣ ድራይቨር፣ ራም፣ ፕሮሰሰር ወይም የተበላሸ የጌም ፋይል ሊሆን ይችላል። ሌሎች ጌሞች ደህና ሆነው አንዱ ብቻ የሚዘጋ ከሆነ መጀመሪያ የዚያን ጌም ፋይሎች በስቲም ቬሪፋይ አድርጉ።

▪ ከመጥፋቱ በፊት መንቀርፈፍ ከጀመረ፣ ወደ ሙቀት ያመዝናል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያየውም፤ ሞኒተሩ። ፒሲው ሲጠፋ ሞኒተሩ "ሲግናል የለም" ይላል? ወይስ እሱም አብሮ ጠፍቶ፣ ሲመለስ ልክ አሁን እንደተሰካ የአምራቹን አርማ ያሳያል? ይህን ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

2. መልእክቱን አንብቡ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት

ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ ወዲያው ሪስታርት ስለሚያደርግ ጽሑፉን ለማንበብ ጊዜ አይሰጥም። አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ፣ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ሥር "አውቶማቲካሊ ሪስታርት" የሚለውን ምልክት አንሱ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ስለሚቆም በስልካችሁ ፎቶ ታነሱታላችሁ።

ቁጥሩ በ116 የሚያልቅ ከሆነ ካርዱ በተሰጠው ጊዜ መልስ አልሰጠም ማለት ነው። ዊንዶውስ እንደመጣ ካልነካችሁት ካርዱን የሚጠብቀው 2 ሰከንድ ብቻ ነው። በ124 የሚያልቅ ከሆነ ስህተቱ የመጣው ከሃርድዌር ነው።

ኢቨንት ቪውወር የሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ደግሞ "ከርነል ፓወር 41" የሚል ቀይ ምልክት ልታገኙ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው "ፓወር" የሚለውን ብቻ አይቶ ሮጦ ፓወር ሰፕላይ ይገዛል። መልእክቱ የሚለው ግን "ባለፈው ጊዜ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ነው የጠፋው" ብቻ ነው። ለምን እንደጠፋ አይናገርም። ሶኬቱን በእጃችሁ ብትነቅሉትም ያው 41 ነው የሚመዘገበው።

የስህተት መልእክት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ትልቅ ምሳሌ አለ። የኢንቴል 13ኛ እና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የያዙ ብዙ ሰዎች በአንሪል ኢንጂን የተሠሩ ጌሞችን ሲከፍቱ "የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል" የሚል መልእክት እየመጣ ጌሙ ይዘጋባቸው ነበር። መልእክቱን ያየ ሰው ሁሉ ጣቱን ካርዱ ላይ ቀሰረ። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ኢንቴል ራሱ ችግሩ ፕሮሰሰሮቹ ላይ መሆኑን አመነ። ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየተሰጣቸው ቀስ በቀስ ይጎዱ ነበር። ኩባንያው በባዮስ በኩል የሚጫን ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ጉዳትን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን ፕሮሰሰር አያድንም። የእነዚህ ትውልዶች ፕሮሰሰር ካላችሁ ባዮሱ መታደሱን ዛሬውኑ አረጋግጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ መልእክቱ ማን እንደወደቀ ይነግራችኋል። ማን እንደገፋው ግን እናንተ ናችሁ የምትፈልጉት።

3. ማስታወሻ ያዙ

ቀላል ይመስላል፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይሄ ነው። ስልካችሁ ላይ ኖት ክፈቱና በጠፋ ቁጥር ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እየሠራ ነበር፣ ከተከፈተ ስንት ደቂቃ ሆነው፣ እንዴት ጠፋ፣ ቤት ውስጥ በዚያ ሰዓት ሌላ ምን በርቶ ነበር።

ከዚህ ጋር ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫኑ። ሙቀትን፣ ዋትንና የፋን ፍጥነትን በየ2 ሰከንዱ ፋይል ላይ ይመዘግብላችኋል። ፒሲው ቢጠፋም ፋይሉ ይቀራል። የመጨረሻዎቹን መስመሮች ስታዩ ከመጥፋቱ በፊት ሙቀቱ ስንት እንደነበር ታውቃላችሁ። ያኔ ግምት ቀርቶ ማስረጃ ይሆናል።

4. ሁሉንም ወደ መደበኛው መልሱ

ፕሮሰሰሩን ወይም ካርዱን ኦቨርክሎክ ካደረጋችሁ፣ ወይም ቮልቴጁን ዝቅ አድርጋችሁ ከሆነ፣ ለጊዜው አጥፉት። "ስድስት ወር ሙሉ ሠርቶልኛል" መከራከሪያ አይሆንም፤ ሙቀቱም የካርዱ ድራይቨርም ጌሙም ይለወጣሉ።

ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለው የራም ፍጥነት ማስተካከያም ኦቨርክሎክ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ለምሳሌ ካርቶኑ ላይ 3200 የተጻፈበት ዲዲአር 4 ራም ያለዚህ ማስተካከያ ብዙ ጊዜ በ2133፣ በ2400 ወይም በ2666 ነው የሚሠራው። አጥፉትና ለሁለት ቀን ተጫወቱ። መጥፋቱ ከቆመ መንገዱ ወደ ራም ይወስዳችኋል።

5. ሙቀት

ቁጥር ሳታዩ "ይሞቃል" አትበሉ። በዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ተከታታይ እስከ 95 ዲግሪ ድረስ እንዲሠራ የተሠራ ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ 100 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ። ማለትም ሙቀት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ያንቀራፍፋል፣ ካልተቻለ ነው የሚያጠፋው። ፋይላችሁ ላይ ፕሮሰሰሩ 70 ዲግሪ ላይ እያለ ከጠፋ፣ የፕሮሰሰር ሙቀትን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አውጡት።

አዲስ አበባ ለምንኖር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ በባህር ዳርቻ ካለው አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር በመግፋት ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ ያው ፒሲ፣ ክፍሉ እኩል ቢቀዘቅዝ እንኳ፣ እዚህ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ሊል ይችላል። የውጭ ዩቲዩበር "ይሄ ፋን በቂ ነው" ሲል እሱ ያለበትን ከተማ አስቡ።

ነጻው ሙከራ ይሄ ነው፦ የኬዙን የጎን ክዳን አውጡና ቬንትሌተር አዙሩበት። መጥፋቱ ከቆመ ወይም ከዘገየ ችግሩ የአየር ዝውውር ነው። ከዚያ አቧራውን ጥረጉ። ፋኖቹ አየር የሚያስገቡትና የሚያስወጡት በትክክለኛው አቅጣጫ መሆኑን እዩ። የፕሮሰሰሩን ኩለር አውጥታችሁ ተርማል ፔስቱን አድሱ። ኩለሩን ስታወጡ ደግሞ ሥሩ ላይ ያለው መከላከያ ፕላስቲክ ተልጦ እንደሆነ ተመልከቱ። አትሳቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በገጣጠመ ሰው ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው።

6. ራም

ሜምቴስት የሚባለውን ነጻ መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ፒሲውን በእሱ አስነሱ። ማታ ከፍታችሁት ብትተኙ ይሻላል፤ ሰዓታት ይፈልጋል። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ያ ራም ወይም የተቀመጠበት ማስተካከያ ልክ አይደለም። "አንድ ብቻ ነው" ብሎ ማለፍ የለም።

ስህተት ካገኛችሁ ራሞቹን ለየብቻ ፈትኑ። ማዘርቦርዱ አራት የራም ቦታ ካለውና ሁለት ራም ብቻ ካላችሁ፣ በአብዛኞቹ ቦርዶች ትክክለኛው ቦታ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ነው። ከሁለት የተለያየ ግዢ የመጡ ራሞችን አንድ ላይ መጠቀም ደግሞ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ደህና ቢሆኑ እንኳ፣ ችግር ሊፈጥር ይችላል።

7. ኤሌክትሪክ፦ ከካርዱ እስከ ግድግዳው

መጀመሪያ አንድ ማሳሰቢያ፦ ፓወር ሰፕላዩን ፈታችሁ ውስጡን አትንኩ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚጎዳ ቻርጅ ሊቆይ ይችላል። የምናየው ከውጭ ነው።

ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። በትልቁ "500 ዋት" ቢልም የሚጠቅማችሁ የ12 ቮልቱ መስመር ነው፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡት ከዚያ ነው። 12 ቮልት ላይ 30 አምፒር ካለ፣ 12 ሲባዛ በ30 እኩል ይሆናል 360 ዋት። ማለትም "500" የተባለው ዕቃ ለዋናው ሥራ የሚሰጠው 360 ብቻ ነው። ኤንቪዲያ ለአርቲኤክስ 3070 ባለ 650 ዋት፣ ለ3080 ደግሞ ባለ 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ የሚመክረው ለዚያ ድንገተኛ ዝላይ ቦታ ለመተው ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው ደረጃም ይህንኑ ዝላይ ታሳቢ አድርጎ ነው የመጣው።

ቀጥሎ የካርዱ ገመዶች። ባለ 8 ፒን አንድ ሶኬት 150 ዋት እንዲያደርስ ነው የተሠራው። ካርዳችሁ ሁለት ሶኬት ካለው፣ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ አንድ ገመድ ከመጠቀም ይልቅ ከፓወር ሰፕላዩ ሁለት የተለያዩ ገመዶች ሳቡለት። ሁሉም እስከ መጨረሻው "ቀጭ" ብለው መግባታቸውን በእጃችሁ አረጋግጡ። የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ቢገጥምላችሁም አትጠቀሙ፤ የውስጥ አሰላለፋቸው ስለሚለያይ ሃርድ ዲስክ እስከ ማቃጠል ሊደርስ ይችላል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን አንብቡ። "100-240 ቮልት" የሚል ከሆነ እዚህ ይሠራል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ማብሪያ ካለው፣ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ 115 ላይ እንዳለ ከሰካችሁት ይፈነዳል።

ነጻው ሙከራ፦ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን "ፓወር ሊሚት" ወደ 70 በመቶ ዝቅ አድርጉ፣ ጌሙንም በ60 ፍሬም ገድቡት። በዚህ ሁኔታ ለቀናት ሳይጠፋ ከሠራ፣ ችግሩ ከኤሌክትሪክ ወይም ከሙቀት ጋር የተያያዘ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ብር እስክታገኙ ድረስም እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ ያገለግላችኋል።

8. ለያይታችሁ ፈትኑ

አሁን ተጠርጣሪዎቹን ለየብቻ እናስጨንቃቸው። ይህን ስታደርጉ ሙቀቱን እያያችሁ፣ አጠገቡ ሆናችሁ ይሁን።

ሀ) ፕሮሰሰሩን ብቻ፦ ሲኔቤንች ወይም ፕራይም 95 ለ20 ደቂቃ።

ለ) ካርዱን ብቻ፦ ዩኒጂን ሱፐርፖዚሽን ወይም 3ዲማርክ ለ20 ደቂቃ።

ሐ) ሁለቱንም አንድ ላይ፦ ኦሲሲቲ የሚባለው ፕሮግራም "ፓወር" የሚል ሙከራ አለው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስጨንቃል።

ትርጉሙ ቀላል ነው። ሀ ላይ ከወደቀ ፕሮሰሰሩን፣ ኩለሩንና ራሙን እዩ። ለ ላይ ከወደቀ ካርዱን፣ ገመዱንና ድራይቨሩን። ሀ እና ለ በሰላም አልፈው ሐ ላይ ድርግም ካለ፣ ጣታችሁን መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ላይ ቀስሩ።

9. ድራይቨርና ባዮስ

የቆየው የካርድ ድራይቨር ላይ አዲስ መደረብ አንዳንዴ ችግር ያመጣል። ዲዲዩ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም፣ ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ አስነስታችሁ፣ የድሮውን ሙሉ በሙሉ አጥፉና አዲሱን ከኤንቪዲያ ወይም ከኤኤምዲ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። መጥፋቱ የጀመረው ድራይቨር ካደሳችሁ በኋላ ከሆነ ግን ወደ ቀድሞው ተመለሱ።

ባዮስ ማደስ ይጠቅማል፣ ግን ተጠንቀቁ። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን አትሞክሩት። በዩፒኤስ ከሆነም ባትሪው በትክክል መያዙን አስቀድማችሁ ፈትኑ።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ

ይህን ሁሉ ሄደበት። ሙቀቱ ደህና ነው፤ ካርዱ 72 ዲግሪ ላይ እያለ ነው የሚጠፋው። ራሙ ሌሊቱን ሙሉ ተፈትኖ አንድ ስህተት የለውም። ገመዶቹ ደህና ናቸው፣ ፓወር ሰፕላዩም ባለ 650 ዋት ጥሩ ዕቃ ነው። የኦሲሲቲ ሙከራን ማክሰኞ ማታ አደረገው፤ ለአንድ ሰዓት ቀጥ ብሎ ሠራ። ተስፋ ሊቆርጥ ነበር።

ያዳነው ማስታወሻው ነው። ዘጠኝ ጊዜ የጠፋበትን መዝግቦ ነበር። ሲያየው ሰባቱ ረቡዕ ማታና ቅዳሜ ጠዋት ናቸው። ረቡዕና ቅዳሜ ምን አለ? ፒሲው ቀን አይቆጥርም።

ግቢው ውስጥ ግን የሚቆጥር ነበር። አከራዩ እንጀራ የሚጋግሩት ረቡዕ ማታና ቅዳሜ ጠዋት ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። እሱ የሚጠቀመውም ከዚያው ቆጣሪ ነው። ምጣዱ ሲሰካ የግቢው ቮልቴጅ ዝቅ ይላል። ቮልቴጁ ዝቅ ሲል ደግሞ ፒሲው የተሰካበት ዩፒኤስ "መብራት ጠፋ" ብሎ ወደ ባትሪ ይዞራል።

ዩፒኤሱ ላይ "650" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ግን 650ው ቪኤ ነው እንጂ ዋት አይደለም። ከኋላው በትንሹ የተጻፈው ዋት 360 ነው። አሁን እንደምር፦ ካርዱ 220፣ ፕሮሰሰሩ 75 ገደማ፣ ሌላው ዕቃ 50 ገደማ፤ በድምሩ 345 ዋት። ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ሙቀት አድርጎ የሚያባክነው ሲጨመር ከሶኬቱ የሚሳበው 400 ያልፋል። ሞኒተሩ ሲጨመርበት 430 ገደማ። 360 ለሚችል፣ ያውም ባትሪው ላረጀ ዩፒኤስ።

ስለዚህ ምጣድ በተሰካ ሰዓት ጌም ወይም ሬንደር ላይ ከሆነ፣ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ሲዞር ጭነቱን መሸከም ያቅተውና ይቋረጣል። ቮልቴጁ ሲመለስ በራሱ ተመልሶ ይበራል። ማስጠንቀቂያ ይጮሃል፣ ግን ልጁ ሄድፎን አድርጓል፤ ሬንደር ላይ ሲሆን ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የለም። ፒሲው ፊልም ብቻ እያሳየ ከሆነ 100 ዋት ገደማ ስለሆነ ባትሪው ይችለዋል፤ ምንም አይሰማም። ጥገና ቤት ደግሞ ፒሲውን የሰኩት በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው። ለዚህ ነው "ምንም የለውም" ያሉት፤ እውነታቸውን ነበር።

ሞኒተሩን ያዙልን ብለን ነበር። ፓወር ሰፕላዩ ወይም ካርዱ ቢሆን ኖሮ ሞኒተሩ በርቶ "ሲግናል የለም" ይል ነበር። የእሱ ሞኒተር ግን ሁልጊዜ ሲመለስ የአምራቹን አርማ ያሳይ ነበር። እሱም ኤሌክትሪክ ተቋርጦበት ነበር ማለት ነው። ምልክቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይኑ ፊት ነበር።

ማረጋገጫው ምንም ብር አልፈጀም። ፒሲውን ከዩፒኤሱ ነቅሎ ግድግዳው ላይ ሰካ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት፣ ምጣዱ ተጥዶ እያለ፣ የሁለት ሰዓት ተኩል ሰርግ ሬንደር አደረገ። አልጠፋም። ፓወር ሰፕላዩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ያችን ዝቅታ ከቁብ አልቆጠራትም።

ማስታወቂያውን አነሳ። በኋላ ገንዘብ ሲያገኝ በዋት የተጻፈውን አንብቦ፣ ከሚያስፈልገው በላይ የሚችል ዩፒኤስ ገዛ። ያም ሆኖ ወጪው ካርድ ከመቀየር በብዙ ያነሰ ነው። እስከዚያው ግን ሬንደሩን ከእንጀራው ቀን ጋር አያጋጭም ነበር፤ መብራት ሙሉ በሙሉ ቢጠፋስ?

ጥገና ቤት መሄድ ካለባችሁ

ሁሉንም ሞክራችሁ ካልተገኘ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ማስታወሻችሁን፣ የሰማያዊ ስክሪኑን ፎቶና የሙቀቱን ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። "ይጠፋል" ከምትሉ "ፕሮሰሰር ብቻ ሲፈተን ደህና ነው፣ ካርድ ብቻ ሲፈተን በ8 ደቂቃ ይጠፋል" በሉ። ባለሙያው ጊዜ ይቆጥባል፣ እናንተም ያልተበላሸ ዕቃ አትቀይሩም። ከተቻለ ቤት የምትጠቀሙበትን ማከፋፈያና ዩፒኤስ ጭምር ውሰዱ።

ያገለገለ ካርድ ልትገዙ ከሆነም ያው ነው። ዴስክቶፕ ላይ በርቶ ስላያችሁት ብቻ አትክፈሉ። ሻጩ ፊት ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በከባድ ሥራ ይፈተን። እምቢ ካለ እናንተም እምቢ በሉ።

የእናንተ ፒሲ እንዴት ነው የሚጠፋው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የካርዱን፣ የፓወር ሰፕላዩንና የዩፒኤሱን ዋት ጨምራችሁ። ፒሲው እየጠፋበት ካርዱን ሊሸጥ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ሳይሸጠው በፊት ላኩለት።